ለሌላው ሕመም ማን ይመስክር?



ውሸት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፍርድ ቤት የሚሰጥ የሐሰት ምስክርነት ወይም በገበያ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው። በሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ግን ከጨዋነት ይቆጠራል። በታማሚ እናት ፋንታ «ደህና ናት» ማለትማ የጥሩ ልጅ ወግ ተደርጎ ይታያል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን በገባበት ሰሞን ደሴ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ለዓመታት የስኳር በሽታ ያለባት እናቴ ቀኝ ትከሻዋ ቀስ በቀስ ይደርቅባት ጀመር። ሻሿን ማሰር አቃታት። ለተክቢር ሁለት እጆቿን ስታነሳ ግራዋ ሲደርስ ቀኟ ደረቷ ላይ ይቀራል። የመረመራት ሐኪም በራጅ የታየ ስብራት እንደሌለ፣ ሕመሙ የትከሻ መገጣጠሚያ መድረቅ እንደሆነ፣ የስኳር ሕመምተኞችን ደግሞ አብዝቶ እንደሚያጠቃ ነገረንና የፊዚዮቴራፒ ክትትል አዘዘላት። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ በዚያ ወቅት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ባለሙያ በስልክ ቪዲዮ ልትከታተላት ተስማማች።

እናቴ አላመነችበትም። «ወጌሻ እንኳ ዳሶ ነው የሚያውቀው፤ ይቺ ልጅ ሳትነካኝ ምን ታውቅልኛለች?» አለች።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ባለሙያዋ አጠገቧ ብትሆን የእናቴን ክንድ ራሷ ይዛ ታነሳው፣ የት ላይ እንደሚቆምም በእጇ ታውቀው ነበር። የደረቀ ትከሻ በሌላ ሰው እጅም ቢሆን አልነሳ ይላል። ጅማቱ የተበጠሰ ግን ባለቤቱ ማንሳት ቢያቅተውም ሌላ ሰው ሲያነሳው ብዙ ጊዜ ይነሳል። ይህ በመዳሰስ የሚለይ ነገር ነው። በቪዲዮ ሲሆን ታማሚዋ የታመመውን ክንድ በጤነኛው እጇ ወይም በዱላ እያገዘች ታነሳለች፤ ባለሙያዋ በዓይኗ ትከተልና «የት ላይ ያዘዎት? ምን ያህል አመመዎት?» ብላ ትጠይቃለች። እጅ ይሠራው ከነበረው ሥራ ብዙው ወደ ታማሚው ቃል ተሻገረ ማለት ነው። ቃሉ ከተዛባ ሕክምናው ይዛባል።

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ባለሙያዋ «እማማ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጥዎታል? እንቅስቃሴውንስ ይሠራሉ?» ስትል ስልኩን እንደያዝኩ ቀድሜ መለስኩ። «ደህና ናት፣ በየቀኑ ትሠራለች» አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እናቴ ሌሊቱን ስታቃስት ታነጋለች። ጠረጴዛ ተደግፎ ክንድን ማወዛወዙንም፣ በጣቶች ግድግዳ ላይ ሽቅብ መውጣቱንም ከተወችው አምስት ቀን አልፏታል። ለምን ዋሸሁ? ቸልተኛ ልጅ እንዳልባል ነው። ባለሙያዋ ቃሌን አምና እንቅስቃሴውን ጨመረችባት፤ ያን ሌሊት ሕመሙ ባሰ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቴ ራሷ ተናገረች። «ልጄ፣ ያን ጊዜ የሰማሽው የሱን ወሬ ነው፤ ትከሻው ግን የኔ ነው።» ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ስልኩን ቴርሞስ ላይ አስደግፌ እንድወጣ ብቻ ጠየቀችኝ። በዚያን ዕለት እናቴ በአንድ ቀጠሮ የተናገረችው ባለፉት ሦስቱ ከተናገረችው ይበልጥ ነበር።

ምናልባት «ሕመምን መደበቅ ሶብር አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) የሶብር ምሳሌ ሆነው ሳለ የደረሰባቸውን ጉዳት ለጌታቸው ከመናገር አልተቆጠቡም። ሶብር የአላህን ውሳኔ ያለ ምሬት መቀበል ነው፤ ለመድኃኒት ምክንያት ከሚሆን ሰው እውነትን መሸሸግ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሌላው ሰው የሚሰማውን ሕመም አቃሎ መናገር ደግሞ የእኛ ባልሆነ ገንዘብ ቸር እንደመሆን ነው።

አማናው በታማሚና በአስታማሚ ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም። ባለሙያዋ ከእጇ የራቀውን «ይህን ሳልዳስስ አልወስንም፤ እዚያው ያለው ሐኪም ይይልኝ» ትል ነበር። ትከሻ አውራ ነውና ለሕክምና ካስፈለገው በላይ መገለጥ የለበትም። ስለዚህ እናቴ ሻሿን ሳትገልጥ በፊት «ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የስልክ ካሜራ የቤታችንን በር ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐኪም ቢያጋጥም ታማሚዋ ራሷ «ካንቺ ጋርስ ማን አለ?» የማለት መብት አላት።

ይህ ዓይነቱ ሕመም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ በአብዛኛውም በጊዜ ብዛት እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴን ያዳናት ቪዲዮ ነው አልልም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀኝ እጇ ለተክቢር ከግራዋ እኩል ተነሳ፤ ወደ ኋላ መዞሩ ግን ዛሬም ጎደሎ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገ የእናትህን ወይም የአባትህን ስልክ ይዘህ በሐኪም ፊት ትቀመጥ ይሆናል። ጥያቄ ሲመጣ አንደበትህን ያዝ። ስልኩን መያዝ እንጂ ሕመሙን መናገር ላንተ አልተሰጠህም።

ወላሁ አዕለም።