የሰው ያለህ፦ ከተራራ የሚነሣ ጥሪና የሰሚው ዕዳ

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ሸንተረር ከሸንተረር በሚተያይበት አገር፣ የጨነቀው ሰው «የሰው ያለህ!» ብሎ ይጮኻል። ጥሪው ስም አይጠራም፤ ዘመድ ከባዳ፣ ወዳጅ ከባላንጣ አይለይም። የሚጠራው ሰው የሆነን ሁሉ ነው። ጩኸቱን የሰማ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ፣ ዱላውን አንሥቶ ይሮጣል። ሳይሰማ የቀረ ይቅር ይባላል፤ ሰምቶ የቀረ ግን በማግሥቱ ሰው ፊት ለመቆም ያፍራል። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ጥልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ለመሆኑ መስማት በራሱ ዕዳ ያስገባልን? ካስገባስ ዕዳው እስከ የት ይደርሳል?

ጥያቄው ከመንደር አልፎ እስከ ሰማይ የደረሰበት ታሪክ አለ፤ እርሱም በተራራ ላይ የሚወድቁ አውሮፕላኖች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1972፣ 45 ሰዎችን የጫነ የኡራጓይ አየር ኃይል አውሮፕላን በአንዲስ ተራሮች ላይ ወደቀ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የራግቢ ተጫዋቾችና ወዳጅ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ፈላጊ አውሮፕላኖች በላያቸው ቢያልፉም ነጩን ስብርባሪ ከነጩ በረዶ ለይተው ማየት አልቻሉም፤ ከስምንት ቀን በኋላም ፍለጋው ተቋረጠ። በሕይወት የተረፉት በእጃቸው የነበረችው ትንሽ ራዲዮ መስማት እንጂ መናገር አትችልም ነበር። ፍለጋው መቆሙን የሰሙትም በእርሷው ነበር። ከዚህ የከፋ ብቸኝነት ይኖር ይሆን? ዓለም ስለ እነርሱ ሲናገር ይሰማሉ፤ እነርሱ ግን «አለን» የሚሉበት ድምፅ የላቸውም።

ከዚያው አደጋ ሦስት ቀን በኋላ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የአብላጫው ወገን መሪ ሄል ቦግስና ባልደረባቸው ኒክ ቤጊች የተሳፈሩበት ትንሽ አውሮፕላን አላስካ ውስጥ ጠፋ። እዚያ ፍለጋው 39 ቀን ቆየ። አውሮፕላኑ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስምንት ቀንና ሠላሳ ዘጠኝ ቀን! የቦታው ጠባይና የመንግሥታቱ አቅም እንደሚለያይ አይካድም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መቆም የጠፊው ማንነት በፈላጊው ትዕግሥት ላይ ይመዝን እንደሆነ ያስጠይቃል።

የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ የተባለው መሣሪያ በሕግ እንዲታዘዝ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰ አደጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ከወደቀች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እናትና ልጅ ተርፈው ለሳምንታት በበረዶ ውስጥ ቆዩ። ስብርባሪውን በመጸው ወራት አዳኞች ሲያገኙት በሕይወት የነበረ ሰው አልነበረም፤ ወጣቷ የጻፈችው የቀን ማስታወሻ ግን እዚያው ነበር። ማስታወሻው ያሳፈረው ሞታቸው ብቻ አይደለም፤ ሲጠብቁ መቆየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ኮንግሬስ ባወጣው ሕግ አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲወድቁ በራሱ የሚነቃና የራዲዮ ምልክት የሚያሰማ መሣሪያ እንዲይዙ ታዘዘ።

ጩኸት ግን ሰሚ ከሌለው ምን ይረባል? የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ምልክት የሚሰማው በአቅራቢያው የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም የምድር ጣቢያ ከኖረ ብቻ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ኮስፓስ ሳርሳት የተባለውን የጋራ ሥርዓት ለማቋቋም ተስማሙ። ዘመኑ ሁለቱ ኃያላን አንዱ በሌላው ላይ የኑክሌር ሚሳይል ደግኖ የሚተያይበት ነበር። ቢሆንም የጠላት ዜጋ ከተራራ ላይ ሲጣራ ለመስማት ተስማሙ። በሰኔ 1982 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ በዚያው ዓመት መስከረም የመጀመሪያዎቹ የተረፉት ሰዎች ደግሞ በካናዳ ተራራማ ሸለቆ የወደቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሦስት ሰዎች የወደቁት ከእነርሱ በፊት የጠፋ ሌላ አውሮፕላን ሲፈልጉ ነበር። የሰው ያለህ ሲባል የወጡ ሰዎች፣ በተራቸው የሰው ያለህ ብለው ተሰሙ።

አሠራሩ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የራቀ አይደለም። ጡሩምባውን እያሰማ የሚያልፍ መኪና ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲርቅ ይወፍራል። ሳተላይቷም በምሕዋሯ ስትገሰግስ ከምድር የሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ እንዲሁ ይለዋወጣል። ከለውጡ ልክ ተነሥቶ ምልክቱ የመጣበት ቦታ በስሌት ይገኛል። በኋላ በመጡት መሣሪያዎች ላይ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ መሣሪያው ራሱ እንዲናገር ተደርጓል። ከዚያ መልእክቱ ወደ ምድር ጣቢያ ይወርዳል፤ ከጣቢያው ወደ መቆጣጠሪያ ማእከል፣ ከማእከሉም አደጋው ለደረሰበት አካባቢ ኃላፊ ለሆነው የነፍስ አድን ክፍል ይተላለፋል። ለዚህ አገልግሎት ከተቸገረው ሰው ዋጋ አይጠየቅም። ከ1982 ወዲህ በባሕር፣ በየብስና በአየር አደጋ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ሥርዓት እርዳታ ተርፈዋል።

እንግዲህ የሥነ ምግባሩ ሚዛን የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ በተራራ የጠፋውን ሰው «አላወቅንም» ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ አለማወቅም እውነተኛ ምክንያት ነበር። ሰማዩ በሙሉ ጆሮ ከሆነ በኋላ ግን ያ ምክንያት ተነሥቷል። መሣሪያው የሰጠው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ማመካኛንም ወስዷል። ዛሬ ምልክቱ ከተሰማ በኋላ የሚሞት ሰው የሚሞተው በዝምታ ውስጥ አይደለም፤ በሰሚዎች መካከል ነው።

ሳተላይት ግን አይራመድም። በሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የተሰማ ጩኸት መጨረሻው አንድ ሰው ጫማውን ማጥለቁና አለማጥለቁ ነው። የአንዲስ ተራፊዎች ታሪክ ፍጻሜም ይህንኑ ያስተምራል። ከመካከላቸው ሁለቱ አሥር ቀን በእግር ተጉዘው ከአንድ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ማዶ አንድ የቺሊ ከብት ጠባቂ አዩ። ሰርጂዮ ካታላን ይባላል። የወንዙ ጩኸት አላደማምጥ ቢላቸው ነገ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ፤ በማግሥቱም ተመለሰ። ወረቀትና እርሳስ ከድንጋይ ጋር አስሮ ወረወረላቸው፤ መልእክታቸውን ካነበበ በኋላም ዳቦ ሰጥቷቸው ለፖሊስ ለመንገር ረጅም መንገድ ተጓዘ። በ72 ቀናቸው 16 ሰዎች በሕይወት ወጡ። ካታላን ሳተላይት አልነበረውም። የነበረው በማግሥቱ የመመለስ ልማድ ነው። እርሱ ባይመለስ ኖሮ ማየቱ ብቻ ማንንም አያድንም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የሐሰት ጩኸት ነው። በ121.5 ሜጋኸርዝ ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ መሣሪያዎች ምልክት የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ ከሚሰማውም አብዛኛው ሐሰት ነበር። አውሮፕላን ጠንከር ብሎ ሲያርፍ ይነቃሉ፤ የፒዛ መጋገሪያ ምድጃና የስታዲየም ውጤት ማሳያ ሰሌዳ ሳይቀሩ ተመሳሳይ ሞገድ ሲያወጡ ተገኝተዋል። «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን ያታልል የነበረው እረኛ ተረት የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ውሸታሙ የሚሰርቀው የራሱን ጩኸት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ነው። ስለዚህ ሳተላይቶቹ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የድሮውን ሞገድ ማዳመጥ አቆሙ። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው አዲሱ መሣሪያ የየራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ባለቤቱ በአግባቡ ካስመዘገበው ነፍስ አድኑ ወደ ቤቱ ስልክ ደውሎ ማጣራት ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ዕዳው በሰሚው ጫንቃ ላይ ብቻ አለመሆኑን ነው። የሚጣራውም ጥሪውን በእውነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። መሣሪያው በአደጋው ይሰበራል፤ ገደል ምልክቱን ይጋርዳል፤ ደመና ሄሊኮፕተር ያግዳል፤ አዳኙም እናት አለው። አንዱን ለማዳን አምስቱን መግደል ምን ዓይነት ጽድቅ ነው? እውነት ነው፤ መስማት ሞትን በሞት መተካት አያዝዝም። የሚያዝዘው ከዚያ ያነሰ ግን የከበደ ነገር ነው፦ ሲቻል መሄድን፣ አለመቻልን ከአለመፈለግ ጋር አለማምታታትን፣ ተስፋ ሲቆረጥም ለሚጠብቀው ቤተሰብ እውነቱን መናገርን።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ የእኩልነት ጥያቄ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ የሱዳን ስደተኞችን ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ ሲበሩ አውሮፕላናቸው በክረምቱ ደመና ውስጥ ከተራራ ጋር ተላተመ። የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሻክሮ በነበረበት በዚያ ዘመን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ጭምር በፍለጋው ተሰማሩ፤ ስብርባሪው በስድስተኛው ቀን ተገኘ። ከሞቱት 16 ሰዎች ዘጠኙ አሜሪካውያን፣ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ለሌላንድ በሂዩስተን አየር ማረፊያ ሕንፃ ተሰየመላቸው፤ ይገባቸዋልም፤ የሞቱት የተራበ ሊያዩ ሲሄዱ ነውና። የሰባቱን ስም ግን ከየቤታቸው ውጭ ስንት ሰው ያውቃል? ያን ሁሉ አውሮፕላን ያሰማራው ፍለጋ ሰባቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ይደረግ ነበርን? ለዚህ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ጥያቄው ግን አይሞትም። የሳተላይቷ አንዱ ክብር ምክር ቤት አባልን ከጭነት አስተናጋጅ አለመለየቷ ነው። የሚለየው ከእርሷ በኋላ ያለው ሰው ነው።

ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ በአውሮፓው ጋሊሊዮ ሳተላይቶች በኩል ለአንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች የመልስ ምልክት ይላካል። ትርጉሙ አጭር ነው፦ ጥሪህ ደርሷል። መልሱ ነፍስ አድን በመንገድ ላይ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው መሰማትን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በአንዲስ በረዶ ውስጥ ሆነው ፍለጋው መቆሙን የሰሙት ሰዎች ያችን አንዲት መብራት ቢያዩ ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

«ደርሷል» ማለት ግን ቃል መግባት ነው። ያን መብራት ያየ ቁስለኛ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚጠብቀው ዕድሉን ሳይሆን ሰውን ነው። በደጋው ሸንተረር ላይ ጩኸት የሰማ ገበሬ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገርም ይኸው ነው፤ ከመሮጡ በፊት «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። አለሁ ካለ በኋላ ግን ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።