የወፏ ዝምታና የጠባቂዋ ዕዳ

«አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል ሰው ከበደል ነጻ የሚወጣበት በር ነውን? ወይስ አንዳንድ ጊዜ ራሱ በደሉ ነው? ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ ጦርነት ወይም የፍርድ ቤት ሙግት ቢሆን ኖሮ አንባቢ ባልተገረመ ነበር። እኔን ግን ከጥያቄው ጋር ያፋጠጠችኝ ክብደቷ ከሃምሳ ግራም እምብዛም የማይበልጥ፣ በገዛ ማድ ቤታችን ውስጥ የሞተች አንዲት ወፍ ናት።

ወፏ የበቀቀን ወገን ናት፤ ፈረንጆች «የፍቅር ወፍ» ይሏታል። የሳይንስ ስሟ አጋፖርኒስ ሲሆን፣ ፍቅርና ወፍ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ ጥንዶቹ ቀኑን ሙሉ ተጠጋግተው ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ላባ ሲያበጥር ስለሚውሉ ነው። ከዘጠኙ ዓይነቶቿ ስምንቱ የአፍሪካ ምድር፣ አንዱ የማዳጋስካር ደሴት ተወላጆች ናቸው። አንደኛው ዓይነት ደግሞ የእኛው ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። መላ አካሉ አረንጓዴ፣ የክንፉ ላባ ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ እንኳ በጽድና በሾላ ዛፎች ላይ ይታያል። ባደግሁበት ሰፈር ጠዋት ጠዋት ሲንጫጩ እሰማቸው ነበር፤ ስማቸውን የጠየቅሁት ግን አትላንቲክን ከተሻገርሁ በኋላ ነው።

ልጄ በአሥረኛ ዓመት ልደቷ የመረጠችው ስጦታ ከናሚቢያና ከአንጎላ ደረቅ አገር ከሚመነጨው ዓይነት፣ ፊቱ የኮክ ቀለም ካለው፣ ነገር ግን ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በጎጆ ውስጥ ከሚራባው ወገን ነበር። «ማንጎ» ብላ ሰየመቻት። ጎጆዋን ከማድ ቤቱ ጥግ፣ ከምድጃው አጠገብ ሰቀልነው፤ ብቸኝነት እንዳይሰማት ብለን። ፍሬ እህልና ሱፍ ብቻ እናበላታለን፤ ስለምትወደው። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖረች። በዚያን ክረምት፣ ከገና በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ጩኸቷ ቀነሰ። ላባዋን ነፍታ ድብልብል ብላ ትቀመጥ ነበር። «ወፈረች፣ አማረባት» አልን። በበዓሉ ዕለት የመጡት እንግዶች «እንዴት ያለች ጨዋ ወፍ ናት!» ብለው አደነቋት። ውጪው በረዶ ስለ ነበር መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ጨሰ። በማግስቱ ልጄ ከጎጆው ወለል ላይ አገኘቻት።

የእንስሳት ሐኪሟ በድኗን መርምራ የደረቷን አጥንት በጣቴ አስነካችኝ፤ እንደ ቢላዋ ጠርዝ የሾለ ነበር፤ ከላይ ግን የተነፋው ላባ ሸፍኖታል። አንድ ቀን ብቻ እንዳልገደላት፣ ለሳምንታት ስትከሳ እንደ ቆየች፣ የመተንፈሻዋ አካል በምግብ ጉድለት ቀድሞ እንደ ተጎዳ፣ ጢሱም በዚያ ላይ እንደ ተጨመረ ነገረችኝ። ቀጥላም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ደህና በነበረችበት ጊዜ ስንት ትመዝን ነበር?» መልስ አልነበረኝም። «አላወቅሁም ነበር» አልሁ። ያች ቃል ከአፌ ስትወጣ ይቅርታ መስላ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ስትመለስ ግን ክስ ሆነች።

ወፍ በሽታዋን የምትደብቀው ስለ ኩራት አይደለም። በዱር ውስጥ ደካማ መስሎ የታየ በጭልፊት መጀመሪያ ይነጠቃል፤ ስለዚህ ጉልበቷ እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስላ መታየት በደሟ የተጻፈ ሕግ ነው። ሕመሟን ስንገነዘብ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ሆኖም ምልክት የለም ማለት አይደለም። የሚመለከት ዓይን ላለው ምልክቱ ብዙ ነው፦ በሞቀ ቤት ውስጥ ላባን ነፍቶ መዋል፤ ቀን ዓይንን ከድኖ ማንቀላፋት፤ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ማለቱ፤ የኩሷ ቀለምና ውፍረት መለወጡ፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳ መርጠቡ ወይም መደፈኑ፤ ላባዋን በገዛ መንቁሯ መንጨቷ፤ እንቁላል ሊወጣላት ያልቻለች ሴት ወፍ ከጎጆው ወለል ላይ ተቀምጣ ማማጧ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ግን ሚዛን ነው። ግራም የሚለካ የማድ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት ቢመዝናት፣ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ሲጎድል ዓይን ያላየውን ቁጥር ያሳያል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ጥንቃቄውም ቢሆን ከአቅማችን በላይ አልነበረም። ፍሬ እህል ብቻ የምትበላ ወፍ ቫይታሚን «ኤ» ይጎድላታል፤ የአፍንጫዋና የመተንፈሻዋ ሽፋን ይጎዳና ለተላላፊ ሕመም ትጋለጣለች፤ የሱፉም ቅባት በጉበቷ ይከማቻል። መድኃኒቱ ጎመንና ካሮት ነበር፤ ጎመኑ ደግሞ በየሳምንቱ በድስታችን ውስጥ ነበር። አቮካዶ ለእኛ ጭማቂ፣ ለእርሷ መርዝ ነው፤ ቡናና ቸኮላትም እንዲሁ። እንጀራ የምንጋግርበት፣ የማይዝ ልባስ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው፣ ሰው የማያሸተው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የወፍ ሳንባ በአየር ከረጢቶች እየታገዘ ከእኛ ይልቅ አየርን አጥርቶ ይወስዳል፤ መርዙንም እንዲሁ አጥርቶ ይወስዳል። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ ወፎችን ወደ ጉድጓድ ይዘው ይወርዱ የነበረው ስለዚሁ ነበር። አዲስ የመጣች ወፍ ደግሞ ከነባሮቹ ቢያንስ ለ30 ቀናት ተለይታ መቆየት አለባት። ከበቀቀን ወገን ወደ ሰው የሚተላለፈው ሲታኮሲስ የሚባለው ሕመም የደረቀ ኩስ ብናኝ በመተንፈስ ይይዛል፤ ትኩሳትና የሳንባ ምች ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 በብዙ አገሮች ሰው ገድሎ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሁቨር በቀቀን ወደ አገር እንዳይገባ እስከ ማገድ ደርሰው ነበር። ዛሬ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ ለሐኪም «ወፍ አለችኝ» ብሎ የሚናገር ሰው ሲኖር ነው እንግዲህ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ባለማወቅ የተሠራ ሥራ ይቅርታ ሊያሰጥ እንደሚችል ያምናል፤ ነገር ግን ሰውዬው ላለማወቁ ራሱ ተጠያቂ ከሆነ ቅጣቱ ይገባዋል ይላል። ለዚህም ሰክሮ ለሚያጠፋ ሰው እጥፍ ቅጣት የሚደነግግ ሕግ መኖሩን በምሳሌ ያነሳል፤ ላለመስከር ሥልጣኑ የራሱ ነበርና። ይህን ለራሴ ስተረጉመው አለማወቅ ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው በመንገድ የሚያልፍ ሰው አለማወቅ ነው፤ በሾላው ዛፍ ላይ የታመመች ወፍ ብትኖርና ባላያት የሚከሰኝ የለም። ሁለተኛው የጠባቂ አለማወቅ ነው። ጎጆውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ምግቧን የመረጥሁት፣ የምትተነፍሰውን አየር የወሰንሁት እኔ ነኝ። እርሷ ከጢሱ ሸሽታ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ልታርፍ አትችልም። የሌላውን ፍጥረት ምርጫ ሁሉ በእጁ የጠቀለለ ሰው የማወቅንም ግዴታ አብሮ ጠቅልሏል። ከዚያ ወዲያ «አላወቅሁም» ማለት «አልጠየቅሁም» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ሰው በረኃብና በስደት በሚያልቅበት ዘመን ስለ ወፍ መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እኔም ለወፍ ሐኪም ገንዘብ ስከፍል ያፈርሁበት ቀን አለ። ነገር ግን ለወፏ የጎደለኝ ገንዘብ አልነበረም፤ ጎመኑ ነበረ፣ ሚዛኑም ነበረ። የጎደለኝ አትኩሮ ማየት ነው፤ ይህ ደግሞ ለወፍ ሲሰጥ ከሰው ላይ የሚቀነስ ሀብት አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ክንፍ ያለውን በጎጆ መዝጋቱ ራሱ በደል ከሆነ፣ ስለ በጎ አጠባበቅ መስበክ የእስር ቤትን ግድግዳ ቀለም እንደ መቀባት ነው» ይላል። በዚህኛው ላይ ሙሉ መልስ የለኝም። በጎጆ የተወለደችውን በቨርጂኒያ ክረምት መልቀቅ ነጻነት ሳይሆን ሞት እንደሚሆን አውቃለሁ። የጀመርሁት ነገር ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አለመሆኔ ግን ዕዳዬን ያከብደዋል እንጂ አያቀልልኝም።

አሁን ያለ ድፍረት የማልጽፈውን ልጻፍ። የሐኪሟን ጥያቄ በሰማሁ ጊዜ ፊቴ ላይ የመጣው የወፏ ምስል ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ። በየጊዜው ስልክ እደውልላቸው ነበር። «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» «ደህና ነኝ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት ነህ?» በዚሁ ያበቃል። በመጨረሻው ክረምት ካፖርታቸው ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ፤ «በዕድሜ ነው» አልሁ። ከማኅበር መቅረታቸውን አስተውያለሁ፤ «ብርዱ ነው» አልሁ። ሆስፒታል መግባታቸውን የሰማነው ከሰነበቱ በኋላ ነው። ከዚያም አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘብ አዋጣን፤ ለዚህስ ማንም አይወቅሰንም። ሰውን ከወፍ ጋር ማነጻጸሬ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። እርሳቸው አፍ ነበራቸው፤ ሊነግሩን ይችሉ ነበር፤ እኛም ጠባቂዎቻቸው አልነበርንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ጥፋቱን በታማሚው ላይ ይጥላል። ነገር ግን ስደተኛ የሚደብቅበት ምክንያት አለው፤ ሸክም ላለመሆን፣ እናቱ አገር ቤት ሆና እንዳትጨነቅ፣ ሥራውን እንዳያጣ። መደበቁን እያወቅን፣ እኛም እንደዚያው እየደበቅን፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ መቀበላችን ስለሚመቸን አይደለምን?

ዛሬ በቤታችን ሁለት ወፎች አሉ፤ ልጄ ብዙ ካሰበችበት በኋላ ባለቤታቸው ማሳደር ካልቻለ ሰው ተቀብላ ያመጣቻቸው። ጎጆአቸው ከማድ ቤቱ ርቆ፣ በሩ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ቡና ሲቆላ በሩ ይዘጋል፣ መስኮት ይከፈታል፤ እንግዶች በብርዱ ያጉረመርማሉ። እሑድ ጠዋት ልጄ በሚዛኑ ላይ እያቆመች በደብተር ትጽፋለች፦ 52፣ 49። እኔም ከእርሷ ጎን ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ። «እንዴት ሰነበታችሁ?» ከማለት ይልቅ «ምን በላችሁ? ሌሊቱን ተኛችሁ? ሐኪም ዘንድ የሄዳችሁት መቼ ነው?» እላለሁ። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል፤ አንዷ እኅታችን «ምን ነካህ? መርማሪ ሆንህ እንዴ?» ብላኛለች። ባለፈው ወር ግን ሌላው ለጥያቄዬ ወዲያው አልመለሰም። ዝም አለ፤ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁት።