የደለሉ ባለቤት ማን ነው?

ሕፃናትን ከክፍል አውጥቶ፣ ወንዝ ወደ ሐይቅ እስከሚገባበት ስፍራ ድረስ ወስዶ፣ ውሃውንና ጭቃውን በእጃቸው እያስነኩ ማስተማር ይገባልን? ወይስ ቀን ማባከን ነው? ነገሩ ሲያዩት የትምህርት ቤት ጉዳይ እንጂ የግብረ ገብ ጉዳይ አይመስልም። ዳሩ ግን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው የማያየውን ጎረቤቱን እንዳይጐዳ የሚከለክለው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

አስቀድሜ ስለ ወንዝ አፍ ጥቂት ልናገር። በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ ትምህርት የሚሰጠው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው ጋር በሚደባለቅበት ስፍራ ነው። በአሜሪካ ቼሳፒክ በሚባለው ታላቅ የባሕር ሰርጥ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በጀልባ ወጥተው መረብ ይጥላሉ፤ የያዙትንም አይተውና ቈጥረው መልሰው ይለቁታል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ከወንዞቿም አንዳንዶቹ ባሕር ሳይደርሱ በሐይቅ ያበቃሉ፤ አዋሽ በአቤ፣ ኦሞ በቱርካና። ለሲቀላ ልጅ ደግሞ ኩልፎ አለለት። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጂኦግራፊው መጽሐፍ የወንዝን አፍ የሚያሳየን በባዕድ አገር ባሕር ሥዕል ነበር፤ መርከብና ነጫጭ ወፎች ነበሩበት። ቃሉን በእንግሊዝኛ በቃላችን አጥንተን ፈተናውን አለፍን። የደጃችን ወንዝም አፍ እንዳለው የነገረን ሰው አልነበረም።

ኩልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ በሲቀላ አጠገብ አልፎ፣ ከአርባዎቹ ምንጮች በታች ያለውን ደን አቋርጦ፣ በ1,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ወደ ቻሞ ሐይቅ ይገባል። እየገሠገሠ የመጣ ውሃ ከቆመ ውሃ ጋር ሲገናኝ ጉልበቱ ይደክማል፤ ጉልበቱ ሲደክምም ሸክሙን ያወርዳል። በመጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን ደለል። ስለዚህ ስፍራው ጥልቀት የሌለውና ለም ይሆናል፤ ሸምበቆ ይበቅልበታል፤ ትንንሽ ዓሦች ይሸሸጉበታል፤ ፔሊካኑና ንስሩ ዓሣውን ይከተላሉ፤ አዞውም በዳርቻው ፀሐይ ይሞቃል። «የአዞ ገበያ» እየተባለ የሚጐበኘው ከዚሁ አጠገብ ነው። ጥቂት ደለል እንግዲህ በረከት ነው። ሲበዛ ግን ብርሃን ወደ ውሃው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ብርሃን ካልገባም ዓሣው የሚመገበው ነገር አይበቅልም። ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከላይ ከሴቻ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ያስተያይ። በመካከላቸው ያለው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጉብታ ብቻ ሲሆን፣ አባያ በደቃቅ አፈር የተነሣ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ቻሞ ግን ጠራ ያለ ነው፤ በዓሣም የታወቀው ቻሞ ነው። የአባያ ቅላት የዛሬ ሰው ሥራ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጭቃ በውሃ ላይ የሚያደርገውን ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ሰሌዳ አይገኝም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የጋሞ አባቶች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ዛፍ ይጠብቁ ነበር። በደጋው ላይ አባቶች በተቀበሩበትና ሕዝቡ በሚመክርበት በዱቡሻ ዙሪያ ያለ ዛፍ አይቈረጥም፤ የቈረጠ ሰው ጎሜ ያገኘዋል። ጎሜ የሚባለው የተከለከለውን መጣስና መጣሱ የሚያመጣው መከራ ነው፤ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ከብት ያልቃል። መከራውም በአጥፊው ላይ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰቡና በጎረቤቱ ላይ ጭምር ይወርዳል። ዛሬም በደጋው የእርሻ መሬት መካከል እንደ ደሴት ሆነው የቀሩት ትንንሽ ደኖች የዚህ ሥርዐት ምስክሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚሲዮን ትምህርት መጣ፤ ኋላም አብዮቱ መጣ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ለወጣቱ «ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው» አሉት። እኔ የሚሲዮን ልጅ ነኝና ፍርሃቱ በመነሣቱ አላዝንም፤ ልጁ ለታመመበት ገበሬ በሕመሙ ላይ የጥፋት ፍለጋ ጭንቀት ሊጨመርበት አይገባም። ነገር ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ የተነሣ አንድ እውነት አለ። እርሱም «የእኔ ሥራ በሌላው ሰው ላይ ይወርዳል» የሚለው ነው። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል ብሎ የሚነቅል ሰው በስፍራው ሌላ ካልተከለ ጣራው እንደማይጠብቀው የታወቀ ነው።

በምሰሶው ፈንታ የተተከለው ምን ነበር? «ደን መጠበቅ ጠቃሚ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር። በአስተማሪነት ዘመኔ ይህን ሳይሳሳቱ የጻፉ ልጆችን ወረቀት ብዙ አርሜአለሁ። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ግን የትኛው ደን፣ ለማን እንደሚጠቅም አይናገርም፤ ስለዚህ ልጁ ደብተሩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

እንግዲህ ልጆቹ ሦስት ጠርሙስ ይዘው ይውጡ። አንዱ ከምንጩ፣ አንዱ ከኩልፎ ድልድይ፣ አንዱ ከወንዙ አፍ ይሞላ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእጅ ማስነካት ማለት ሕፃን ውሃ ውስጥ ማስገባት አይደለም። ቻሞ አዞና ጉማሬ የሞላበት ሐይቅ ነው፤ አዞ ባይኖርም የቢልሃርዝያ ትል ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ከድልድዩ ላይ አስተማሪው ባልዲ በገመድ አውርዶ ይቅዳ፤ የአፉን ውሃ ጀልባ ነጂው ያምጣ፤ ስፍራው በ1966 ዓ.ም. ግድም ከተቋቋመው ከነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነም ያለ ፓርኩ ጠባቂ አይኬድ። ጀልባ ለመከራየት ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት በሁለቱ ጠርሙስ ይጀምር። ጠርሙሶቹ በመስኮት ላይ ይደሩ። በማግሥቱ እያንዳንዱ ልጅ ከሥር የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ይለካ፤ ከባልዲው ግርጌ የቀረውንም በሁለት ጣቱ ይሸው፤ ኋላም እጁን በሳሙና ይታጠብ። የምንጩ ጠርሙስ ንጹሕ ነው፤ የወንዙ ግን አይደለም። ከዚያ በኋላ አስተማሪው «ይህ አፈር ቀድሞ የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጠይቆም ዝም ይበል።

አንዱ «የጨንቻ» ይላል። ሌላው አያቱ በዚያ ያርሳሉና ይቈጣል። ሦስተኛው ወንዙ ዳር ሙዝ የሚተክለውን ያነሣል። በውነቱ ደለል የባለቤቱን ስም ተሸክሞ አይወርድም። ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ «እኔ አደረቅሁት» የሚል ሰው አልተገኘም፤ ጫት ያጠጣውም፣ ከተማ ሆኖ የጠጣውም፣ አፈሩ የታጠበበትም ሁሉ ድርሻው ትንሽ ነበረች። ውሃው ከዓመታት በኋላ መመለስ ጀምሯል፤ ያ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ይህን ሐሳብ እንዲህ ሲል ተቃወመኝ፤ «ከሲቀላ ልጆች መካከል እናቱ ከደኑ እንጨት ተሸክማ፣ ሸጣ የምታስተምረው አለ። ደኑ ሲቈረጥ የወንዙ ዳር እንደሚናድ ባሳየኸው ቀን ማታ እናቱን በምን ዓይን ያያታል? በእናቱ ላይ ዳኛ ልታደርገው ነውን?»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእናቱን እንጀራ እየበላ እናቱን የሚንቅ ልጅ ከማሳደግ የኩልፎን ጭቃ ዝም ብሎ መተው ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ዝምታውም በደል አለበት፤ እውነትን ለሀብታም ልጅ ብቻ የሚገባ ነገር ያደርገዋልና። ደግሞም ልጁን የሚያሳፍረው እውነቱ ሳይሆን የእውነቱ እኩሌታ ነው። ጉዞው በደኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ቢቀር ጥፋቱ ሁሉ በዚያች ሴት ጀርባ ላይ ይጫናል። ሸክሟን ይዛ ዳገቱን ወደ ሴቻ ስትወጣ አገር ሁሉ ያያታል፤ እንጨቱን ገዝቶ በጓዳው የሚያነደውን ግን የሚያየው የለም። ስለዚህ አስተማሪው «በዚህ ሳምንት በእንጨት ወይም በከሰል የተሠራ ወጥ የበላችሁ እጃችሁን አንሡ» ይበል፤ የራሱንም እጅ ያንሣ። እጁን የማያነሣ ልጅ በዚያ ክፍል የሚገኝ አይመስለኝም። የደጋው ገበሬም ተዳፋቱን የሚያርሰው ሜዳው ስለማይበቃው መሆኑ አብሮ ይነገር።

ከዚህም በላይ መደረግ ያለበት አለ። ደኑን ከማንም ይበልጥ የምታውቀው ያች ሴት ናት፤ የትኛው ዛፍ ከሥሩ እንደሚያቈጠቍጥ፣ የትኛው ተቈርጦ እንደሚቀር፣ ወንዙ ባለፈው ክረምት ዳሩን የት ላይ እንደ በላው ታውቃለች። ልጆቹን የምትመራው እርሷ ትሁን፤ ፈቃዷ ከሆነ። አስተማሪው ከኋላ ሆኖ ይጻፍ። ልጇም ከፊት አብሯት ይሂድ። የዚያን ቀን የሸክሟን ዋጋም ትምህርት ቤቱ ሳይከራከር ይክፈላት።