አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

የእናቴን ቤት ማኅደር ፍለጋ ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ሦስቱንም ቀን የሰማሁት መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነበር። መቼም ይህ ዐረፍተ ነገር ለዘመናችን ሰው ብርቅ አይደለም። ገንዘብ ስናወጣ ይባላል፣ ግብር ስንከፍል ይባላል፣ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ተሰልፈን ይባላል። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችውን ወጣት፣ «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ ፋይሉ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ እሱ ድሮ ነው። አሁን እኮ ክላውድ ላይ ነው።»

«ክላውዱስ የት ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። እኔም ተከትያት ኮርኒሱን አየሁ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳያዩ አልቀሩም።

ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ክላውድ በእንግሊዝኛ ደመና ነው፤ ነገርዬው ግን ከደመና ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። መሬት ላይ የተሠራ ትልቅ መጋዘን ነው። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ መብራት ይበላሉ፣ እንዳይግሉ ይቀዘቅዛሉ፣ በሩ ላይም ዘበኛ አለ። እነ አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ይህን መጋዘን እየከፋፈሉ ያከራያሉ። በእኛው አህጉር አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 ኬፕታውን ላይ ከፍቷል፤ የእኛው ኢትዮ ቴሌኮምም የራሱን ክላውድ ማከራየት ጀምሯል። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ ኮምፒዩተርና ፕሮግራም ገዝቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ከሚቸገር በየወሩ እየከፈለ በኢንተርኔት ይጠቀማል። ሒሳቡ፣ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የሠራተኛው ማኅደር፣ ደብዳቤው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ሲያጥር ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ቤት ማለት ነው።

ይህን የምለው ነገሩን ለማጣጣል አይደለም። የድሮውን መዝገብ ቤት የሚናፍቅ ሰው መዝገብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ብቻ ነው። እኔ አውቀዋለሁ። መምህር በነበርኩበት ዘመን የእድገት ደብዳቤዬ ከማኅደሬ ወጥቶ ቀርቶ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ። አቧራው፣ አይጡ፣ የጣራው ፍሳሽ ይቅር፤ ከሁሉም የከፋው ሰው ነበር። የፋይል መጥፋት ራሱን የቻለ ንግድ ነበር እኮ! የጠፋው ፋይል ለሻይ የሚሆን ነገር ጣል ሲደረግ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ይላል፤ የባለጋራ ፋይል ደግሞ እስከወዲያኛው ይጠፋል። ስንቱ ነው አንዲት ገጽ ተነቅላበት የአባቱን ቤት የተነጠቀ! በኮምፒዩተር ግን፣ ሥርዓቱ በወጉ ከተዘረጋ፣ ማን በስንት ሰዓት ማኅደሩን እንደከፈተና ምን እንደለወጠ አሻራው ይቀራል። ስለዚህ የድሃው ፋይል ከዚያ ሰውዬ መሳቢያ አምልጦ «ሰማይ» መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ምኑ ነው የከነከነኝ? ያ የመዝገብ ቤት ሰውዬ ሌባም ቢሆን ሰው ነበር። ወንበሩ ይታወቃል፣ አለቃው ይታወቃል፣ ከሥራ ሲወጣ የሚገባበት ግሮሰሪም ይታወቃል። ፋይሉ ማን እጅ ላይ እንደጠፋ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነበር። አማርኛችን ጥፋትን ከሰው ላይ አንስቶ ዕቃ ላይ መጫን ይችልበታል። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ «ተሰበረ» ይላል፤ ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ ራሱን የገደለ ይመስል። ይሁንና ቋንቋው ማምለጫውን ሲሰጥ ማሰሪያውንም አብሮ ሰጥቷል። ያው ልጅ «ተሰበረብኝ» ሲል ነገሩ ሌላ ነው። «ብኝ» የምትባለው ያቺ ትንሽ ምዕላድ፣ ሆን ብዬ አላደረግሁትም፣ ግን እጄ ላይ ሳለ ሆኗል፣ ጉዳቱም ነውሩም ወደ እኔ ነው ትላለች። አደራ ያስቀመጠ ሰው ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ «ጠፋ» ብሎ መመለስና «ጠፋብኝ» ብሎ መመለስ አንድ አይደሉም። «ጠፋብኝ» ያለ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል፣ ይምላል፣ ይከሰሳል፣ ይክሳል። «ጠፋ» ያለውን ምን ታደርጉታላችሁ?

እዚያ ቢሮ በመጀመሪያው ቀን አንድ ኃላፊ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «ምናልባት ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገለበጥ ጠፍቶብዎት ይሆናል» አለኝ። ጠፍቶብዎት! ፋይሉን የያዙት እነሱ፣ ያስገለበጡት እነሱ፣ ወረቀቱን ጭነው ወደ መጋዘን የላኩት እነሱ፤ የጠፋው ግን በእኔ ላይ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይመስለኝም። በትሕትና ወንበር ስቦልኝ ነው ይህን የተናገረው። ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ስለሚያምን ነው። ማን ዘንድ እንዳለ ቢጠየቅ ግን እሱም ኮርኒሱን ነበር የሚያየው።

በንግዱም ዓለም ያው ነው። የጽሕፈት መሣሪያ አስመጪ የሆነ ወዳጅ አለኝ። ልጁ ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ መጣና የአባቱን የዱቤ ደብተሮች ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ሒሳቡንም አንድ የውጭ ድርጅት በኢንተርኔት በሚያከራየው ፕሮግራም ላይ አሰፈረው። ወዳጄ ደስ ብሎት ነበር። እውነትም ደስ ይላል፤ መርካቶ ያለው መጋዘንና ቦሌ ያለው ሱቅ አንድ መዝገብ ያያሉ፣ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀኑን ሽያጭ ያነባል። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የተለቀቀው ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። አገር በሐዘንና በሥጋት ላይ ሳለ የአንድ ነጋዴ መዝገብ ወሬ አልነበረም፤ ወዳጄ ግን ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ደንበኞቹ ጋ እየዞረ «አንተ ዘንድ ስንት አለኝ?» እያለ ጠየቀ። «ሰዉ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው» ይላል። ወዲያው ግን «ሁሉም አይደለም» ብሎ ይጨምርበታል።

ያም አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የፕሮግራሙ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። በዕድሜው ሙሉ የራሱን ደብተር ለመግለጥ ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው፣ ካልከፈለ የራሱን ዕዳና ሀብት እንደማያይ ያን ጊዜ ገባው። «የማንን በር ላንኳኳ?» አለኝ። የመዘገበለት ድርጅት ባሕር ማዶ ነው፤ ውሉንም ልጁ «እስማማለሁ» የምትለዋን ነክቶ ነው የተዋዋለው። ሦስታችንም፣ አባትም ልጅም እኔም፣ ያን ውል አላነበብነውም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ንብረታችንን እዚሁ አገራችን እናስቀምጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይቆረጥም። ደቡብ ኮሪያ በቴክኖሎጂ የማትታማ አገር ናት፤ የሠራተኞቿን የሥራ ሰነድ የምታስቀምጠውም የራሷ መንግሥት በሠራው ክላውድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሳ እሳት ከ600 በላይ አገልግሎቶችን አቋረጠ። የሲቪል ሠራተኞቹ 858 ቴራባይት ሰነድም ተቃጥሎ ቀረ፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ አልነበረውም። በአንጻሩ የዩክሬን ሕግ የመንግሥት መዝገብ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ፓርላማው ክልከላውን አነሳ፤ የመሬትና የንብረት መዝገብ ሳይቀር ግልባጩ ወደ ውጭ ክላውድ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሕንጻ በቦምብ ፈርሷል! የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ ግን ተርፏል። ኢስቶኒያ ደግሞ ክፉ ቀን ሳይመጣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሉክሰምበርግ ጋር ተዋዋለችና የመዝገቧን ግልባጭ እንደ ኤምባሲ በማይደፈር ቤት አስቀመጠች። እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለው ነደደ፣ ሰው አገር ያለው ተረፈ ማለት ነው።

እኛም ይህን ጉዳይ ከኮምፒዩተር በፊት በመጻሕፍት እናውቀዋለን። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ምቹ ክፍል ውስጥ፣ በጥንቃቄ፣ በቁጥር። ጠባቂያቸው ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ አደራ ግን አልተባለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። መጽሐፉ በየገዳሙና በየአድባራቱ ይቀራል፤ ፎቶው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ይቀመጣል። እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩትን እየመረመሩ ካታሎግ አደረጓቸው። ጥናቱን የሚያውቅ ሰው የዚያን ግልባጭ ዋጋ ይረዳል። ሁለቱም የእኛን ነገር ባሕር አሻግረዋል። እኔ የሚታየኝ ልዩነት የርቀቱ ጉዳይ አይደለም፤ በአንደኛው ባለቤቱ ተጠይቋል፣ ዋናውም እጁ ላይ ቀርቷል፣ የተረከበው ሰውም ስም አለው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም፣ መረጃው ለምን እንደሚያገለግል የሚወስነውንና በእሱ ስም የሚያቀናብረውን ለይቶ ያስቀምጣል። ጠበቃ አይደለሁምና ከዚህ አላልፍም። የሚያሳስበኝ ከሕግ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ወዳጄ ክላውድ ላይ ያወጣው የራሱን ደብተር ነው፤ ቢጠፋበት ራሱ ያዝናል። ያ ቢሮ ግን ያወጣው የእናቴን ነው። እናቴ ቤቷን በሠራች ጊዜ ካርታውንና ደረሰኙን ተቀብሎ ማኅተም የመታላት ያ ቢሮ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው፣ ባለአደራውን ሳይጠይቅ አደራውን ለሦስተኛ ሰው አደራ ሊሰጥ ይችላል? በእኛ ልማድ ቢሰጥ እንኳ ኃላፊነቱ አይተላለፍም። ጎረቤት ዘንድ የተውኩትን በግ ጎረቤቴ ለእረኛ ቢሰጠው፣ ጅብ ሲበላው የምጠይቀው እረኛውን አይደለም። ጎረቤቴም «እረኛው የለም፣ ነገ ተመለስ» አይለኝም።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያልን የኖርነው ስለ ኮምፒዩተር አልነበረም። ግን እንዲያው ለዚህ ዘመን የተባለ ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ተመልሼ ሄድኩ። ሲስተም የለም። ልጅቷ አየችኝና ግራ ቀኙን ተመልክታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ የእናትዎን ስም ከነአያታቸው ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ከመሳቢያዋ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር አወጣች፤ ጫፎቹ ታጥፈው ወፍሯል። ወረቀቶቹ ስካን ተደርገው ወደ መጋዘን ሲጫኑ የእያንዳንዱን ባለቤት ስም፣ የፋይል ቁጥርና የገባበትን ካርቶን በእጇ ጽፋለች።

«ይህን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። አለቃችንም አያውቅ። ሰው ሩቅ ቦታ ድረስ መጥቶ ባዶውን ሲመለስ ስለሚከብደኝ ነው።» ገጾቹን እየገለጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ቀን ታምሜ ቀርቼ ነበር። በእነዚያ ቀናት የሄደውን አልጻፍኩም። የእናትዎ በዚያ መሀል ከሆነ ጠፍቶብኛል ማለት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየሳበች ስሞቹን ማንበብ ጀመረች።