ዒድና ኪሳችን፦ ማዕዱ ቢሳሳ በሩ አይዘጋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዐረፋ በደረሰ ቁጥር በየቤታችን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮስ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ ሶላቱና ስለ ተክቢራው አይደለም። ስለ በጉ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ልጆች ልብስና ስለሚመጣው እንግዳ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደመወዝተኛውም የቀን ሠራተኛውም ጭንቀት ከብዷል።

የምኖረው ጉለሌ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ መስጠትም የእኔ ድርሻ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሸጎሌ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት ሰፈሮች ስመላለስ በዒድ ሰሞን ሁለት ነገሮችን አያለሁ፤ ሁለቱም ያሳስቡኛል። አንደኛው፣ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ስለሌላቸው አፍረው በራቸውን ዘግተው የሚውሉ ቤተሰቦች መኖራቸው ነው። ሁለተኛው፣ እንዳያፍሩ ብለው ተበድረው ደግሰው ከዒዱ ማግሥት ጀምሮ በዕዳ የሚንገላቱ መኖራቸው ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ዒድን በሰው ዓይን መለካት ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት በዒድ ቀን በራቸው ገርበብ ብሎ ባየው፣ «እማማ፣ ዒድ ሙባረክ! ምነው ብቻዎን ዋሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሰው ቢመጣ ምን ላቀርብለት ነው? ባዶ ቡና አፍልቼ ከምዋረድ ብዬ ነው» አሉኝ። ወገኖቼ፣ ቡና ከመቼ ወዲህ ነው ውርደት የሆነው? እኒህን እናት እንዲህ እንዲያስቡ ያደረጋቸው ማን ነው? ሸሪዓው ነው ወይስ እኛ?

ሸሪዓው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 37 ላይ ከምናርደው እንስሳ ሥጋውም ደሙም ወደርሱ እንደማይደርስ፣ ወደርሱ የሚደርሰው ተቅዋችን መሆኑን ነግሮናል። ታላቁ ሶሐባ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የኡድሂያ ነገር እንዴት እንደነበር ሲጠየቁ፣ አንድ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ አንድ በግ ያርድ እንደነበር፣ ከርሱም ይበሉና ያበሉ እንደነበር፣ ኋላ ላይ ግን ሰዎች መፎካከር እንደጀመሩ መናገራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንግዲህ የፉክክሩ በሽታ ዛሬ በእኛ ሰፈር የተወለደ አይደለም፤ ሶሐባው በዓይናቸው አይተው ያዘኑበት የቆየ በሽታ ነው።

ከዚህም በላይ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ.)፣ ሰዎች ኡድሂያን ግዴታ አድርገው እንዳይዙት በመስጋት ሳያርዱ የቀሩበት ጊዜ እንደነበር በይሀቂ ዘግበዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ኡድሂያ አቅም ላለው ሰው የጠነከረ ሱና ነው ሲሉ፣ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ዋጂብ የሚሆነው የተወሰነ የሀብት መጠን ባለው ሰው ላይ ነው። በሁለቱም በኩል ቢሆን የሌለው ሰው ተበድሮ ይረድ የሚል ግዴታ አልተጣለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ነቢዩ የተጠበቁበትን ነገር እኛ ለዒድ ድምቀት ብለን በገዛ እጃችን ቤታችን ስናስገባው ምን ይባላል? ብድሩ በወለድ ከሆነማ ነገሩ ከችግርነት አልፎ ሐራም ላይ መውደቅ ነው።

በዚህ ረገድ ስለ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) የሚተረከው ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። እንግዶች ሲመጡባቸው በቤታቸው የነበረውን ዳቦና ጨው አቀረቡ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእንግዳ ሲባል ከአቅም በላይ መጨነቅን ባይከለክሉን ኖሮ እንቸገርላችሁ ነበር አሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ማጣፈጫ ቅጠል ቢኖር ኖሮ ብሎ ተመኘ። ሰልማንም የውዱእ ዕቃቸውን መያዣ ልከው ቅጠሉን አስመጡለት። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ በሰጠን የሚያብቃቃን አላህ ምስጋና ይገባው ሲል፣ ሰልማን በሰጠህ ተብቃቅተህ ቢሆን ኖሮ የእኔ ዕቃ መያዣ ባልሆነ ነበር ብለው መለሱለት። እዚህ ላይ የተወቀሰው ዳቦና ጨው ያቀረበው ባለቤት ሳይሆን ባለቤቱን ወደ ዕዳ የገፋው እንግዳ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰው ቤት ገብተን «ዘንድሮ አላረዳችሁም እንዴ?» የምንል ሁሉ ይህን ታሪክ ደጋግመን ልናስበው ይገባል።

ታዲያ ኪሱ የሳሳበት ሰው ዒድን እንዴት ያክብር? በሩን ዘግቶ ነውን? አይደለም። ዒድ በጋራ የሚከበር ዒባዳ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዐረፋ ዒድ በኋላ ያሉትን የተሽሪቅ ቀናት የመብል፣ የመጠጥና የዚክር ቀናት መሆናቸውን አስተምረዋል። መፍትሔው በእጃችን ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም ግቢያችን ነው።

ጉለሌ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንኖረው አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ የውጭ በር በሚጋራባቸው ግቢዎች ነው። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው እንግዳ ላስተናግድ ካለ ሁሉም ይጎድልበታል። ሁሉም ያለውን ይዞ ወደ ግቢው ከወጣ ግን ማዕዱ ይሞላል። ይህም አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር ሲመለሱ እናታችን ሶፊያን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ የተደረገውን ወሊማ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ በግብዣው ላይ ዳቦም ሥጋም አልነበረም። ሜዳ ላይ የቆዳ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ያለው ሰው ያለውን እንዲያመጣ ተነገረ፤ አንዱ ቴምር፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላው የደረቀ አይብ አመጣ፤ ተቀላቅሎም ተበላ። የአላህ መልእክተኛ የሰርግ ግብዣ ይህ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ክብር የሚፈልግ ማን ነው?

ይህን ወደ እኛ ግቢ እናምጣው። ከዒዱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የግቢው አባወራዎችና እማወራዎች ቡና ላይ ይቀመጡ። አንዱ ቤት እንጀራውን፣ ሌላው ሽሮና ምስሩን፣ ሌላው ቡናና ስኳሩን፣ ሌላው ፈንድሻና ዳቦውን ይያዝ። ምንም የሌለው ደግሞ ጉልበቱን ይያዝ፤ ውኃ ይቅዳ፣ ግቢውን ይጥረግ፣ ጀበናውን ይጣድ። አግዳሚ ወንበርና ትልቅ ድስት ከእድር በትውስት ሊገኝ ይችላል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. እንደሆነው ዐረፋ ክረምት ላይ ሲውል ሸራ መወጠር የግድ ነው፤ በበጋ ግን ምንጣፍ ይበቃል። ለመጠጥም የለስላሳ ሣጥን መደርደር የለብንም። እናቶቻችን የሚያውቁት አብሽ፣ ተልባና ብርዝ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው ያጠጣሉ። ለጫት የሚወጣውን ገንዘብ ብቻ ብናስቀር እንኳ የስንት ልጆችን ፊት የሚያበራ መሰላችሁ?

ሥጋውንስ እንዴት እናድርግ? ለብቻው በግ መግዛት ያቃተው፣ በቅርጫ ልማዳችን ውስጥ ቀላል መንገድ ያገኛል። በሑደይቢያ ዓመት ሶሐቦች አንድ ግመል ለሰባት፣ አንድ የቀንድ ከብት ለሰባት ሆነው ማረዳቸውን ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሰባት ጎረቤት ተሰብስቦ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከግልጽ ሕመም፣ ከዕውርነት፣ ከአንካሳነትና ከክሳት የጸዳ በሬ ቢገዛ የሁሉም ኡድሂያ ይሆናል። በዒዱ ዋዜማ ሸጎሌ ገበያ ወርዶ ከሰው ጋር መጋፋትም ግዴታ አይደለም። የእርዱ ጊዜ በዒዱ ቀን አያልቅም፤ በሦስቱ መዝሀቦች እስከ ዙልሒጃ 12፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ እስከ 13 ይቆያል። ገበያው ሲረጋጋ በሁለተኛው ቀን ገዝቶ ያረደ ሱናውን አላጓደለም።

ካንድ መካከለኛ የደጋ በግ ወደ 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይገኛል። ሥጋው ለጥብስ ብቻ ከዋለ በአንድ ቤት ያልቃል። ከአጥንቱ ጋር ድንችና ካሮት ገብቶበት ቅቅል ከሆነ ግን ግቢውን ያዳርሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስታውስ መምከራቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ፍሪጅ ያለንም ብንሆን ሥጋውን ለመቆለል አንቸኩል። በአንድ ወቅት ድሆች ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኡድሂያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከልክለው ነበር፤ ችግሩ ሲያልፍ ግን ፈቀዱ። ዘንድሮ በሰፈራችን ችግሩ አልፏል ወይስ አለ? መልሱን ለኅሊናችሁ እተወዋለሁ።

ዋናው ጉዳይ የሚጠራው ሰው ነው። ሀብታሞች የሚጠሩበትና ድሆች የሚተዉበት ድግስ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተነግሮናል። ስለዚህ በግቢያችን ማዕድ ላይ መጀመሪያ መጠራት ያለባቸው ማን ናቸው? ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ዘመድ የሌላት ልጅ፣ የሰፈሩ ዘበኛ፣ ቲም ልጆች፣ እስልምናን ተቀብሎ ዒድን ብቻውን የሚውል ወንድም፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው የዋሉት እማማ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጥሪውን እንደ ምጽዋት እንዳያዩት ሥራ እንስጣቸው። እማማን «ኑና ይብሉ» ከማለት «ቡናውን እርስዎ ያፍሉልን» ማለት ይበልጣል። ውርደት ያሉት ቡና የግቢው ሁሉ ክብር ይሆናል።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አይረሱ። ሥጋችንን እንደማይበሉ እናውቃለን፤ እነርሱም የእኛን ያውቃሉ። በዚህ የተጣላ ጎረቤት አላየሁም። ምስርና ሽሮ፣ ዳቦና ቡና ግን ሁላችንንም ያገናኛል። በ2017 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር የዋለው በመጋቢት ወር፣ እነርሱ በዐቢይ ጾም ላይ ሳሉ ነበር። በእንዲህ ያለው ጊዜ የምስር ሳንቡሳ ለኪስም ለጉርብትናም ይስማማል።

ይህ ቀን በቀላሉ የተገኘ አለመሆኑንም ወጣቶቻችን ይወቁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻቸው በመንግሥት እንዲታወቁ ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። አባቶቻችን ዒድን በአደባባይ እንድናከብር ከደከሙ፣ እኛ ቅቤ ጎደለ ብለን በዝግ በር ጀርባ ልንውል ይገባልን?

ላለው ወንድሜም አንድ ቃል አለኝ። ሦስት በግ ማረድ መብትህ ነው፤ አላህ ይጨምርልህ። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። ከሦስቱ አንዱ በጎረቤት ግቢ ይታረድ። ያን ጊዜ የአንተም ልጆች ከጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ምንጣፍ ይቀመጣሉ፤ የሌላቸውም ልጆች ዒድ የሀብታም በዓል ነው ብለው አያድጉም።

ለሌለው ወንድሜና እኅቴ የምለው ደግሞ ይህ ነው። ያለህን አቅርብ፤ ላጣኸው አትበደር፤ በርህን ግን አትዝጋ። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስቱም ለአራት እንደሚበቃ ያስተማሩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡመት ነንና።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ በሰጠን የምንብቃቃ፣ ከሰጠንም የምናካፍል ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።