የደብዳቤ አንባቢው አደራ

ነገሩን የሚቈልፍ ሰው ሁሉ ክፉ የሚሸሽግ ነውን? «ጥፋት የሌለበት ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔም በዕድሜያችሁ ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበር።

በሁርሶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሩቅ አገር የሄደባቸው አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ፊደል ያልቈጠሩ ስለ ነበሩ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ልጁ ገንዘብ ተበድሮ መክፈል እንዳቃተው ጻፈ። አንብቤላቸው ስወጣ ለጓደኞቼ አወራሁት፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ገበያ ደረሰ። እኒያ እናት አልተቈጡኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የመጣውን ደብዳቤ ሳያስነብቡ በመቀነታቸው ይቋጥሩት ጀመር። የሸሸጉት ወንጀል አልነበረም፤ የልጃቸውን ችግር ነበር እንጂ።

ዛሬ ደብዳቤው በስልክ ሆነ፤ አንባቢው ግን አልቀረም። እናት ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ «ክፈትልኝ» ትላለች፤ እርሱም የመግቢያውን ቁጥር ያያል፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ይመርጥላታል። ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው አድርጎ ይቈልፋል። በቴሌግራም ግን የጽሑፍ መልእክት እንዲህ የሚቈለፈው «ምሥጢራዊ ውይይት» በሚባለው ብቻ ነው፤ ተራው በኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሆኖም የትኛውም ቍልፍ ቁጥሩን ከሚያውቀው ልጅ አያድንም።

መቈለፍን መማር ራሱ እንደ ጥፋት የተቈጠረበት ጊዜም ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የመልእክትን ደኅንነት ስለ መጠበቅ መሠልጠናቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በፖስታም ሆነ በስልክ የሚደረገውን መጻጻፍ የማይደፈር ሲል፥ ያን ጊዜም በሥራ ላይ ነበር። የአምስቱ ክስ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ተነሣ፤ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። በመካከሉ ያለፈውን የእስር ጊዜ ግን ማን ይመልሰዋል?

መንግሥት ሲያነብ እንቈጣለን፤ ይገባልም። እኔ ግን የእኒያን እናት ደብዳቤ ያወጣሁት ማንም ሳያዘኝ ነው።

አሁን ዓይኔ ስለ ደከመ ስልኬን የሚያስተካክልልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ቁጥሩን ሲጠይቀኝ ጥቂት ዝም እላለሁ፤ እርሱም የረሳሁት መስሎት በትዕግሥት ይጠብቀኛል።