«ደህና ነኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጉለሌ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነው። ነገር ግን ይህ የከተማችን ክፍል ሰው የሚያስጠጉ ቤቶች የበዙበት ሰፈርም ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድኃው ሕዝብ መታከሚያ ተብሎ የተቋቋመው የጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ነው። ቀጨኔ ላይ ወላጅ ያጡ ሴት ልጆች የሚያድጉበት ቤት አለ። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከግቢያችን ብዙም ሳይርቅ፣ የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ጧሪ ያጣውን በሽተኛ ይቀበላሉ። ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ደግሞ ከየአገሩ ለጠበል የመጣ ሕመምተኛና አስታማሚ ያገኛል። ከዚህ በታች የምናወራው ከእነዚህ ስለ አንዱም አይደለም። ስለ ሌላ ቤት ነው፤ ስሙንም አንጠራም። ያየነው ነገር በዚያ ቤት ብቻ ያለ አይመስለንምና።

አንድ ቅዳሜ ስምንት የምንሆን ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ሳሙናና ሙዝ ገዝተን ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሄድን። አንዲት ሠራተኛ ክፍል ለክፍል እየመራች አስጎበኘችን። በመጨረሻው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ሰማንያ ዓመት የሚጠጉ እናት ተቀምጠዋል። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አልናቸው። እሳቸው ግን መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ዓይናቸውን ወደ ሠራተኛዋ ላኩ። እሷም ሳቅ ብላ «ንገሪያቸው እንጂ ማዘር፣ ደህና ነሽ አይደል?» አለቻቸው። ያኔ ወደ እኛ ዞረው «ደህና ነኝ ልጆቼ፤ ምን ጎድሎብኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልጋው ራስጌ በርጩማ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ አቧራ ሰፍሯል። ሳሙናውን ሰጠናቸው፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተመርቀን ወጣን። ታክሲ ውስጥ ከመካከላችን አንዷ «ውሃውን አያችሁት?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም አይተነዋል። ማናችንም ግን ምንም አላልንም።

ለመሆኑ ምልክት ማለት ምንድን ነው? ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችን እንደሚነግሩን፣ በሰው እጅ ያለ ሰው እየተበደለ መሆኑን የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ። ክንድ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ሰንበር፣ አንዱ ሲጠቁር ሌላው ገና የቀላ፤ ከተረከዝና ከወገብ በታች ማንም ሳያገላብጠው የቆየ የአልጋ ቁስል፤ ወድቆ ነው ከተባለው አወዳደቅ ጋር የማይገጥም ስብራት፤ ያለ በሽታ የሚሟሽሽ ሰውነት። በሽተኛው ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመልስለት፣ ከጠያቂ ጋር ለብቻው የማይተወው አስታማሚም አለ። እነዚህ ዓይን ያለው ሁሉ ሊማራቸው የሚችሉ ናቸው። እኛን ያስቸገረን ግን ሌላው ነው፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ራሱ ምልክት ሊሆን መቻሉ። ደህና የሆነ ሰውም «ደህና ነኝ» ይላል፤ የተበደለም ይላል። ታዲያ በምን እንለያቸዋለን?

በአገራችን ነገሩን የሚያከብደው ውለታ ነው። እኛ ዘንድ መጦር ጽድቅ ነው፤ ጽድቅ ደግሞ የሰጪው ነው። የተቀባዩ ድርሻ መመረቅ ብቻ ነው። እንጀራ የሰጠኝ ሰው ከእንጀራው ጋር ግልምጫም ቢጨምርልኝ፣ ግልምጫውን አንሥቼ ባወራ «ወጪት ሰባሪ» እባላለሁ። ቋንቋችን ውለታ ቢስን ለመስደብ ወጪት ሰባሪ፣ ጡት ነካሽ እያለ ስም አብዝቷል፤ ውለታውን እያስታወሰ ሰው ለሚያዋርደው ግን ይህን የመሰለ አጥንት የሚሰብር ስድብ ፈልገን አጣን። (የምታውቁ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ።) በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ጭካኔ ከተሞላበትና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። መብት ነው ማለት ነው። ነገር ግን መብቱን በምፅዋት መልክ የተቀበለ ሰው መብት መሆኑን በምን ይወቅ?

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ጥናት እንጥቀስ። በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በሦስት ጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶችን የጠየቀ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በደል የሚባለውን ነገር በዝርዝር ይዘው ጠየቁ። ተመትተሻል? ተሰድበሻል? ሳትፈቅጂ ተነክተሻል? በምጥ ላይ ሳለሽ ብቻሽን ተትተሻል? የሚደረግልሽ ነገር ተነግሮሻል? በዚህ መለኪያ ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል የደረሰባቸው 136 ሆነው ተገኙ፤ ከመቶ ሰባ ስምንት በላይ ማለት ነው። ከእነዚሁ ውስጥ በራሳቸው አንደበት «ተበድያለሁ» ያሉት ግን 22 ብቻ ናቸው።

በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ማታ ማታ ብዙ ተከራክረናል። አንደኛው ወገን «ሴቶቹ በደል ካልተሰማቸው በደል የት አለ? በደል የሚባለው ተበዳዩ ሲያመው አይደለም ወይ?» አለ። ቀላል ክርክር አይደለም። ሰው ስለ ራሱ የሚለውን ትተን እኛ እናውቅልሃለን ካልነው፣ ያው እኛም እንደ ሠራተኛዋ ቀድመን መለስንለት ማለት ነው። ሁለተኛው ወገን የመለሰው «መቶ አሥራ አራቱ እናቶች አላመመንም አላሉም፤ የሆነባቸውንም አልካዱም፤ ስሙን ብቻ ነው ያልሰጡት» ብሎ ነው። ስሙን ለመስጠት ሌላ ዓይነት አወላለድ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እናቷም አክስቷም ጭኗን በጥፊ እየተመታች፣ «ያኔ ጥሩ ነበር አሁን ትጮኺያለሽ!» እየተባለች ከወለደች፣ ጥፊውን የምጡ አንድ ክፍል አድርጋ ትቆጥረዋለች። እኛ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ያልተሰየመ ሕመም ያው ሕመም ነው።

በአማርኛ ደግሞ በደል ከጥፊው በፊት በግሡ በኩል የሚገባ ይመስለናል። «ይቀመጡ» የነበረው «ተቀመጪ» ይሆናል፤ ቀጥሎ «ቁጭ በይ!» ይሆናል። ከዚያ ሰውየው እዚያው ተኝቶ እየሰማ «ይሄኛው በልቷል?» ይባላል። በመጨረሻ ስሙ ይቀርና «ሰባት ቁጥር» ይሆናል። አንቺ መባል ሁልጊዜ ንቀት ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቻችን የገዛ እናታችንን አንቺ እንላለን። ጥያቄው አንቱታውን ማን አነሣው የሚል ነው። እናት ለልጇ ፈቅዳ የሰጠችው «አንቺ» እና አልጋ ላይ የወደቀች ሴት ሳትጠየቅ የተጫነባት «አንቺ» በድምፅ አንድ ናቸው፤ በሌላ በምንም አይገናኙም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በደቡብ ወሎ ጃሪ በሚባል ቦታ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወላጅ አልባ ሕፃናት የሚያድጉበት፣ አንድ የስዊስ ግብረ ሠናይ ድርጅት ያቋቋመው መንደር ነበር። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ በልጆቹ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት በ2003 እ.ኤ.አ. በአገራችን ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበታል። ልጆቹ ምግቡን፣ ልብሱን፣ ትምህርቱን ያገኙት ያ ሰው ከሚያስተዳድረው ቤት ነበር። ረኀብ ወላጆቻቸውን የወሰደባቸው ልጆች ያበላቸውን ሰው ማን ፊት ይክሰሱት? ልጁ ዝም ቢል፣ ቢደነግጥ፣ መኝታ ሰዓት ሲደርስ ቢያለቅስ፣ የሚያየው ሰው «የእናቱ ናፍቆት ነው» ብሎ ማለፍ ይችላል። ለምልክቱ ሁሉ የተዘጋጀ ሌላ ምክንያት አለ። ድኅነትና ኀዘን ባለበት አገር በደል መደበቂያ አያጣም።

ይህ የድኃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይባል እንግሊዝን እንይ። ብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርበርን ቪው የሚባል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚታከሙበት የግል ሆስፒታል ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ በሥውር ካሜራ የቀረፀውን ሲያሳይ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ፤ በሽተኞች ይመታሉ፣ መሬት ለመሬት ይጎተታሉ፣ ከነልብሳቸው ውሃ ይደፋባቸዋል። በተከታዩ ዓመት አሥራ አንድ ሠራተኞች ጥፋተኞች ተብለው ስድስቱ ታሰሩ። ነገር ግን ከፊልሙ በፊት አንድ ነርስ ያየውን ለአለቆቹ ጽፏል፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አመልክቷል፤ ሰሚ አላገኘም። ምልክት ሞልቶ ነበር። ሁሉም የሚጠብቀው ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ በሽተኞቹ ተመቱ።

ክርክራችን የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ አንዱ፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ «በአንድ ጣሳ ውሃ ሰው አይከሰስም» አለን። ትክክል ነው። በጥርጣሬ የሰው ስም ማጥፋት ራሱ በደል ነው፤ ሐሜት ስንቱን ቤት አፍርሷል! እኛ ግን ምልክትና ማስረጃ የተለያየ ነገር ይጠይቁናል እንላለን። ማስረጃ ፍርድ ይጠይቃል። ምልክት የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ተመልሶ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ «እማማ፣ ውሃውን ለምን አልጠጡትም?» ማለት። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው። ታዲያ ለምን ከበደን? አዎን፣ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው አሳድገውናል። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛን ያፈዘዘን ፎቶግራፉ ነው። ደግ ሰዎች ሆነን የተነሣነው ፎቶግራፍ እንዳይበላሽብን ፈራን።

ሠራተኛዋንም ሰይጣን አናድርጋት። ዋርድ ውስጥ የሚለማመዱ ጓደኞቻችን ሌሊት አንዲት ተረኛ ለስንት በሽተኛ እንደምትሮጥ ያውቃሉ። ድካም ሰውን ያከረፍፋል፤ የከረፈፈ ሰው መጀመሪያ አንቱታን ይረሳል፣ ቀጥሎ መልስ መስጠትን። ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባል የኅብረተሰብ ሳይንስ ሰው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በሚገኝ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቆይቶ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ብዙ ሰው በአንድ ደወል የሚበላበት፣ የሚታጠብበትና የሚተኛበት ቤት ውሎ አድሮ ለነዋሪው መሆኑ ይቀርና ለራሱ ሥራ መቃናት መኖር ይጀምራል። ጥሩ ነዋሪ የሚባለውም የማይጠራው፣ የማይነሣው፣ የማይጠይቀው ይሆናል። በየጠበሉ የታመመ ልጁን በሰንሰለት አስሮ አጠገቡ የሚያድር አባትም አለ፤ እያለቀሰ ያስራል። ማሰሩ ክፋት ነው? አባትየው ክፉ አይደለም። የልጁ እጅ ግን ቆስሏል። ክፉ ሰው ሳይኖር በደል ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ክፉ ሰው እስክናገኝ ድረስ በደሉን አናይም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስታችን ተመልሰን ሄድን፤ ሙዝ የለ፣ ፎቶ የለ። እማማን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አገኘናቸውና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ስለ ጥጥ ፈተላ አወሩን፤ በልጅነታቸው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይፈትሉ ነበር። ሰው ራቅ ሲል ስለ ውሃው ጠየቅናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አልጠጣም ልጄ። ከጠጣሁ ሌሊት መነሣት አለ። ለመነሣት መጥራት አለ። ሲጠሯት ደግሞ…» ብለው ተዉት። ቀጥለውም «እሷም ደክሟት ነው» አሉ። ለካ ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው በየቀኑ ተጠምተው ነበር የሚያድሩት።

ለቤቱ ኃላፊ ነገርናቸው። አልተቆጡንም፤ «ሌሊት ያለችኝ አንድ ሰው ናት፤ ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ?» አሉን። እኛም መርካቶ ወርደን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ፖፖ ገዝተን አመጣንና አልጋቸው ሥር አደረግነው። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን «ጥፋቱን በፖፖ ከደናችሁት» ብሎ ተቆጣን፤ ኃላፊዋ ሁለተኛ ተረኛ እንዲቀጥሩ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረባችሁ አለ። እውነቱን ነው፤ ደብዳቤውን አሁን እየጻፍነው ነው፤ ለማን እንደሚደርስ ግን ገና አልተስማማንም። በዚያ ቀን ከመውጣታችን በፊት አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። እማማ ጣሳውን አንሥተው እኛን እያዩ እስከ ግማሹ ጠጡት።